ሞድባስ ሲዘጋ ከሽቦው ጀምሩ

ፒኤልሲው (የፋብሪካ ማሽኖችን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር) ቆጣሪውን ማንበብ ሲያቅተው አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው ላፕቶፑን ነው። መልቲሜትሩ ይቅደም እላለሁ። በአርኤስ-485 (ኤ እና ቢ በሚባሉ ሁለት ሽቦዎች) የሚሄድ ሞድባስ አርቲዩ፣ ማለትም መሣሪያዎቹ የሚነጋገሩበት ቋንቋ፣ ሲዘጋ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከፕሮግራሙ ሳይሆን ከሽቦው ነው።

በመስመሩ ላይ ያሉትን መሣሪያዎች ሁሉ አጥፉና በኤ እና በቢ መካከል ያለውን ኦም ለኩ። በሁለቱም የመስመሩ ጫፎች 120 ኦም ተርሚኔተር (የመስመር ማብቂያ ሬዚስተር) ሊኖር ስለሚገባ ንባቡ ወደ 60 ይጠጋል። 120 ካሳየ ወይ አንዱ ተርሚኔተር የለም፣ ወይ ገመዱ መሃል ላይ ተቆርጧል። ወደ 40 ከወረደ ሦስተኛ ገብቷል ማለት ነው፤ መሃል ላይ ያለ መሣሪያ የተርሚኔተር ስዊቹ እንደበራ ሲረሳ እንዲህ ይሆናል።

ቀጥሎ መሣሪያዎቹን አብሩ፤ ማስተሩ (ጠያቂው መሣሪያ፣ ለምሳሌ ፒኤልሲው) ግን ጥያቄ እንዳይልክ አድርጉ። ማንም በማይናገርበት ጊዜ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ቢያንስ 200 ሚሊቮልት መኖር አለበት። ከዚያ ካነሰ ተቀባዩ ዝምታውን 0 ይበለው 1 አያውቅም፤ የሞተር ጫጫታ ሁሉ መልእክት ይመስለዋል። ይህን ቮልቴጅ የሚሰጡት ባያስ ሬዚስተሮች ናቸው፤ አንዱ ሽቦውን ወደ 5 ቮልት፣ ሌላው ወደ ኮመን (የጋራው 0 ቮልት) ይስባል። እያንዳንዳቸው 560 ኦም ከሆኑ በ60 ኦሙ ላይ 254 ሚሊቮልት ገደማ ይገኛል። 4.7 ኪሎ ኦም ከሆኑ ግን 32 ብቻ። እንዲህ ያለው የግንኙነት ካርድ ተርሚኔተር በሌለበት አጭር ገመድ ጠረጴዛ ላይ ሲሞከር ያለችግር ይሠራል፣ ቦታው ሄዶ ተርሚኔተሮቹ ሲገቡ መንተባተብ ይጀምራል። «ተርሚኔተር ስጨምር ባሰበት» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። መፍትሔው ተርሚኔተሩን መንቀል ሳይሆን ባያሱን ማጠንከር ነው፤ እሱም በመስመሩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ።

ኤ እና ቢ የሚሉትን ፊደሎች አትመኑ። አምራቾች ስያሜውን እያገላበጡ ይጽፉታል። ሁለቱን ሽቦዎች ማቀያየር መሣሪያውን ስለማይጎዳው አንዴ ገልብጦ መሞከር ነው። የሚጎዳው የኮመን ሽቦው አለመኖር ነው። ተቀባዩ የሚችለው ከራሱ ኮመን አንጻር ከ-7 እስከ +12 ቮልት ነው፤ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ያለው የመሬት ልዩነት ከዚያ ካለፈ መጀመሪያ ግንኙነቱ ይቆራረጣል፣ ኋላም ቺፑ ይቃጠላል። ስለዚህ ሦስተኛ ሽቦ ይጎተት፤ ረጅም ርቀት ከሆነ ደግሞ አይሶሌትድ (በኤሌክትሪክ የተነጠለ) ካርድ ይግባ። ገመዱ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ ይለፍ እንጂ እንደ ኮከብ አይበተን።

ሽቦው ደህና ከሆነ ፍጥነቱን፣ ፓሪቲውን (ስህተት መፈተሻ ቢቱን) እና አድራሻውን አመሳክሩ። ሁለት መሣሪያዎች አንድ አድራሻ ከያዙ እኩል ይመልሱና ሲአርሲው (የመልእክቱ ስህተት መፈተሻ ቁጥር) ይበላሻል። ምልክቱ ከሁለቱ አንዱ ሲነቀል ሌላው መሥራቱ ነው።

ለፋንክሽን 03 ጥያቄ (ሬጅስተር፣ ማለትም የመሣሪያውን የመረጃ ሳጥን፣ ለማንበብ) 83 የሚል የስህተት መልስ ከመጣ ደስ ይበላችሁ፤ ሽቦውም አድራሻውም ትክክል ነው። ተከትሎት የሚመጣው ኮድ 02 ከሆነ የተጠየቀው ሬጅስተር የለም። እዚህ ላይ የሚያሳስተው ቁጥሩ ነው፦ ማንዋሉ 40108 ቢልም በገመዱ ላይ የሚላከው 107 ነው፤ አንዳንድ ሶፍትዌር ቅናሹን ራሱ ይሠራል፣ አንዳንዱ አይሠራም። ሌላው ወጥመድ ሁለት ሬጅስተር የሚይዘው ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር) ነው። 230.0 በሄክስ 4366 እና 0000 ተብሎ ይቀመጣል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ እስክሪኑ ላይ 0 የሚመስል እጅግ ትንሽ ቁጥር ይወጣል፤ ያኔ ሴንሰሩን ከመቀየር በፊት የቃላቱን (የሁለቱን ሬጅስተሮች) ቅደም ተከተል ገልብጡ።

ስለ ፍጥነትም ሒሳቡን ሥሩ። በ9600 ቦድ አንድ ባይት ከነፓሪቲው 11 ቢት፣ ማለትም 1.15 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። 10 ሬጅስተር ለማንበብ 8 ባይት ይሄዳል፣ 25 ይመለሳል፤ በመልእክቶቹ መካከል ያለው ዝምታና መሣሪያው ለማሰብ የሚወስደው 20 ሚሊሰከንድ ሲጨመር 66 ገደማ ይሆናል። 30 መሣሪያዎች በ2 ሰከንድ ይዞራሉ። ታይምአውቱ (መልስ የሚጠበቅበት ጊዜ) 1 ሰከንድ ሆኖ ሦስት ጊዜ የሚሞከር ከሆነ ግን አንድ የሞተ መሣሪያ ብቻውን 3 ሰከንድ ይበላል፤ «ሁሉም ዘገየ» ሲባል ያንን አንዱን ፈልጉ።

ወደ ኢተርኔት ሲሻገር ሞድባስ ቲሲፒ ፖርት 502ን ይጠቀማል። ሌሎቹ የፋብሪካ ፕሮቶኮሎች ደግሞ፣ ኤስ7 በ102፣ ኢተርኔት/አይፒ በ44818፣ ኦፒሲ ዩኤ በተለምዶ በ4840 ይሄዳሉ። የፕሮፊኔት ቅጽበታዊ ዳታ ግን ፖርት የለውም፤ አይፒን ስለማይጠቀም ራውተር አያሻግረውም። ፖርቱ ክፍት ሆኖ ግንኙነት እንቢ ካለ፣ አሮጌ ግንኙነቶች ሳይዘጉ ቀርተው የመሣሪያውን ጥቂት ቦታዎች ሞልተዋቸው ይሆናል።

502 የይለፍ ቃል አይጠይቅም። የደረሰበት ሁሉ በፋንክሽን 16 (ሬጅስተር መጻፊያው) ሴትፖይንት፣ ማለትም ማሽኑ የሚታዘዘውን መጠን፣ መጻፍ ይችላል። ፋየርዎሉ ከስካዳው (የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሶፍትዌር) አይፒ በቀር ማንንም አያሳልፍ፤ ለጥገና ከውጭ መግባት ካስፈለገ በቪፒኤን ይሁን። በቲኤልኤስ የሚመሰጠረው ሞድባስ ፖርት 802 ላይ አለ፤ የሚደግፈው መሣሪያ ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ።