ባህር የሌለን እኛ ስለ ውቅያኖስ ኤአይ ምን አገባን?

ደሴ ቁጭ ብሎ ስለ ውቅያኖስ መጻፍ ያስቃል፣ አውቃለሁ። ጦሳ ላይ ብትወጡ የሚታያችሁ ከተማው ነው፣ በሐረጎ ቁልቁል ብትወርዱ ኮምቦልቻ ነው፣ እሷም ያላት ወደብ ደረቅ ወደብ ነው። ግን ኩታበር ላይ ያለ ገበሬ ገብሱን መቼ እንደሚዘራ ባብዛኛው የሚወስንለት ያ አይተነው የማናውቀው ውሃ ነው፣ ስለዚህ ያገባናል ባይ ነኝ።

የ2007ቱን ክረምት ታስታውሳላችሁ አይደል? ፓሲፊክ ውቅያኖስ ከመሀሉ እስከ ምሥራቁ ሞቆ ኤልኒኖ ሆነና የኛ ክረምት ሳሳ፣ በቀጣዩ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ነበር። በልጉ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፣ ማዳጋስካር አካባቢ አውሎ ነፋስ ሲበዛ እርጥበቱን ወደዛ እየሳበ የኛን በልግ እንደሚያጎድል እንደ ፈረንጆቹ በ1990ዎቹ መጨረሻ ተጽፏል፣ ከጻፉት ውስጥ የኛው ሰውም አለበት። አንበጣውስ? እንደ ፈረንጆቹ በ2018 ሁለት አውሎ ነፋሶች የአረቢያን በረሃ አጠጡት፣ አንበጣው እዛ ማንም ሳያየው ተራባ፣ በ2019 የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራቡ ከልክ በላይ ሞቆ ምሥራቅ አፍሪካን ዝናብ ሲያጥለቀልቃት ደግሞ የበለጠ ተመቸው፣ በኛ አቆጣጠር በ2013 ጥቅምት ላይ ቃሉና ወረባቦ ማሽላው ሊታጨድ ሲል ሰዉ ጄሪካን እየደበደበ ሜዳ ለሜዳ ሲሮጥ የነበረው የዚህ ሁሉ ድምር ነው።

እንግዲህ አሁን ይሄን ውቅያኖስ ኤአይ ይተነብየው እየተባለ ነው፣ እኔም በመርህ ደረጃ ደስ ይለኛል። እንደ ፈረንጆቹ በ2019 በኮሪያ ተመራማሪዎች የተመራ ቡድን ኤልኒኖን እስከ ዓመት ተኩል ቀድሞ የሚተነብይ የኤአይ ሞዴል አሳይቷል። የአውሮፓው የአየር ትንበያ ማዕከል በፈረንጆቹ 2025 የካቲት አካባቢ የራሱን የኤአይ ሞዴል ከድሮው በፊዚክስ ከሚሰራው ጎን ለጎን በመደበኛነት ሥራ አስጀመረ። ድሮ ግዙፍ ኮምፒውተር ለሰዓታት የሚፈጀውን በደቂቃዎች ይጨርሳል፣ እንደኛ ላለ አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ የሚጀምረው ሞዴሉ ምን በልቶ እንዳደገ፣ ማለትም ከምን ዳታ እንደተማረ ስትጠይቁ ነው። ባህር ላይ አርጎ የሚባሉ 4,000 ገደማ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች አሉ፣ ቁመታቸው ከሰው ብዙም የማይበልጥ ሲሊንደር ነገር ናቸው። 1,000 ሜትር ጥልቀት ላይ ሆነው ከውሃው ጋር ይንሳፈፋሉ፣ በየ10 ቀኑ እስከ 2,000 ሜትር ይወርዱና ሙቀቱንና ጨውን እየለኩ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ አንቴናቸውን ብቅ አድርገው ለሳተላይት ይልካሉ፣ ተመልሰው ይሰምጣሉ። ባትሪያቸው ሲያልቅ ባብዛኛው እዛው ጠፍተው ይቀራሉ፣ ስለዚህ ሁሌ አዲስ መጣል አለበት። ከነሱ ሌላ ቡይ የሚባሉ፣ በመልህቅ አንድ ቦታ የታሰሩ ተንሳፋፊ መለኪያዎች አሉ። ፓሲፊክ ላይ ያሉት የሚጠግናቸው መርከብ በበጀት ምክንያት ሲቆም በፈረንጆቹ 2014 ገደማ ከሚጠበቀው ዳታ 40 በመቶ አካባቢ ብቻ ነበር የሚመጣው፣ አስቡት፣ ያ የኛ የ2007ቱ ኤልኒኖ ሊመጣ ሲል ነው።

የኛ ጎረቤትማ ይባስ። የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራቡ ክፍል፣ ሶማሊያ ፊት ለፊት ያለው፣ የባህር ወንበዴ ስጋት ስለነበረበት ሊተከሉ የታቀዱ ቡዮች በጊዜያቸው ሊተከሉ አልቻሉም፣ አርጎዎቹን ለመጣል እንኳ የጦር መርከብ እርዳታ የተጠየቀበት ጊዜ ነበር። ማለትም ለኛ ዝናብ በጣም ቅርብ የሆነው ባህር በደንብ ካልተለኩት አንዱ ነው።

ኤአይ ደግሞ ክፍተት አይወድም። ያልተለካውን ቦታ ከሌላው ያያል፣ ይገምታል፣ ይሞላል፣ ከዛ ከዳር እስከ ዳር ቀለሙ የሚያምር አንድ ወጥ ካርታ ይሰጣችኋል፣ የትኛው ቀለም የተለካ የትኛው የተገመተ እንደሆነ ካርታው ላይ የለም። ኧረ የድሮዎቹም ሞዴሎች ይሞሉ ነበር የሚል አይጠፋም፣ እውነት ነው፣ ግን እነሱን የሚሰራው ባለሙያ ድክመታቸውን ሲሳደብባቸው የኖረ ሰው ነው፣ አዲሱን ገና አልለመድነውም። ለኔ ኃላፊነት የሚሉት ነገር መጀመሪያ እዚህ ጋ ነው ያለው፣ ካርታ የምታወጡ ሰዎች የተገመተውን ደብዘዝ አድርጋችሁ አሳዩን። ሁለተኛ ደግሞ ኤአይ መጣ ብሎ የቡይ በጀት የሚቆርጥ ቢሮክራት እንዳይነሳ እፈራለሁ፣ መለኪያው ከቆመ ሞዴሉ የሚማረው ከራሱ ግምት ይሆናል።

ሌላው ችግር ሞዴሉ አይቶት የማያውቀው ነገር ነው። ተመራማሪዎች ከባድ ከባዶቹን አውሎ ነፋሶች ከማሰልጠኛው ዳታ አውጥተው አንዱን ሞዴል ሲፈትኑት፣ ከባድ ሲመጣበት ደካማ ነው እያለ ዝቅ አድርጎ ተነበየ። ባህሩ ደግሞ በፈረንጆቹ 2023 እስከዛ ድረስ ተመዝግቦ የማያውቅ ሙቀት አሳይቷል፣ ማለት ያለፈውን ብቻ የተማረ ሞዴል ለነገው ምን ያህል እንደሚታመን ተፈትኖ ነው የሚታወቀው።

ይሄ ሁሉ ወደ ታች ሲወርድ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ቴሌግራም ላይ «ኤአይ የዘንድሮ ክረምት ነሐሴ ላይ ይቆማል አለ» የሚል ስክሪንሾት ይዞራል፣ ምንጭ የለው ቀን የለው። አጎቴ ከኩታበር ደወለልኝ።

«አንተ ልጅ፣ ያ ኤአይ የምትሉት ነሐሴ ላይ ይቆማል አለ አሉ። እንዴት ነው ነገሩ?»

«ጋሼ፣ ማን እንደጻፈው እንኳ አይታወቅም እኮ።»

«እሱስ ይሁን፣ ዘሩ ግን የኔ ነው።»

እውነቱን ነው። የወቅት ትንበያ የሚወጣው ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች ተብሎ ለእያንዳንዱ ፐርሰንት ተሰጥቶት ነው፣ ሜትሮሎጂም ናይሮቢ ያለው የቀጠናው ማዕከልም እንደዛ ነው የሚያወጡት። 45 ከመቶ ከመደበኛ በታች ከተባለ 55ቱ ሌላ ነው ማለት ነው፣ ስክሪንሾቱ ላይ ሲደርስ ግን ፐርሰንቷ ተቆርጣ «ይቆማል» ብቻ ይቀራል። አንዳንዱ ደግሞ ቻትቦት ጠይቆ ነው የሚለጥፈው፣ ቻትቦት ወሬ የሚያሳምር ነገር ነው እንጂ ባህር ሙቀት ላይ የሰለጠነ የትንበያ ሞዴል አይደለም፣ ሁለቱም ኤአይ ስለተባሉ ሰዉ አንድ አደረጋቸው።

ወሎ ላይ ደግሞ ትንበያ ብቻውን ምንም እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው። በፈረንጆቹ 1972 ኤልኒኖ ነበር፣ ዝናቡ ጠፋ፣ ግን በኛ አቆጣጠር የ66ቱን ረሃብ ያን ያህል ያከፋው የዝናቡ መጥፋት ብቻ ሳይሆን የሚያውቁት ሰዎች ነገሩን መደበቃቸው ነው።

ለአጎቴ ያልኩት፣ ሁሉንም መሬት በአንድ ዘር አትሙላው፣ ከፊሉን ቶሎ የሚደርስ አድርገው፣ የወረዳውን የግብርና ባለሙያ ደግሞ ፐርሰንቱን ጠይቀው ነው። «ፐርሰንቱን ነገረኝ እኮ፣ እኔ ነኝ የረሳሁት» አለኝ ሳቅ ብሎ።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እነዚህ የኤአይ ሞዴሎች ላለፉት ክረምቶችና በልጎች ለደቡብ ወሎ ምን ብለው ነበር፣ ምንስ ዘነበ፣ ጎን ለጎን የተቀመጠ ሠንጠረዥ። የተሳሳቱበትም ሳይወጣ። ያለው ሰው ካለ ይላክልኝ፣ ከኮምቦልቻ ጣቢያ የዝናብ መዝገብ ጋር እኔው ቁጭ ብዬ አስተያየዋለሁ።