ስኳር በውሃ

ሰኔ 27፣ ማታ

ዛሬም ሁለት ለስላሳ ጠጣሁ። አንዱን ከምሳ በኋላ፣ ሌላውን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ የሂሳቡ ልዩነት አልገኝ ሲለኝ። ሰኔ 30 በጀት ይዘጋል። መንግሥት መሥሪያ ቤት ሂሳብ ክፍል የሠራ ሰው ይህችን ሳምንት ያውቃታል። የጅማ ዝናብ ደግሞ ሰኔ ላይ ፋታ የለውም። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ስልክ እንኳ አያሰማም።

ዛሬ የሚያጽፈኝ ሁለተኛው ጠርሙስ ነው። ከቢሯችን ፊት ለፊት ያለችው ባለሱቅ ገና መንገድ ስሻገር አይታኝ ከፍሪጅ አወጣችው። ስደርስ ቆርኪው ተከፍቷል። ምን ልስጥሽ አላለችኝም፣ እኔም ምን እንደምፈልግ አልነገርኳትም። እዚያው ቆሜ ግማሹን በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት። ትከሻዬ ወረደ። ጥርሴን ነክሼ እንደነበር ያወቅኩት መንጋጋዬ ሲላላ ነው። ይህ የምላስ አምሮት ብቻ ነው ቢሉኝ አላምንም። ሰውነቴ ውስጥ የሆነ ነገር እንደሚረግብ ይሰማኛል።

ደግሞ የኔ ብቻ አይደለም። እኛ ዘንድ ሰው ሲደነግጥ ስኳር በውሃ ይበጠበጥለታል። መኪና ለጥቂት የሳተው ልጅ፣ መርዶ የሰማች ሴት፣ ሁሉም ያችን ብርጭቆ ይቀምሳሉ። ማን እንዳስተማረን አላውቅም፤ እናቶቻችን ሲያደርጉት አየን፣ እኛም አደረግን።

አንድ ጥናት ሳነብ ያች ብርጭቆ ናት የታወሰችኝ። በ2015 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የወጣ ነው፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች ሥራ። 19 ሴቶችን ለሁለት ከፈሉ። 11ዱ በስኳር የጣፈጠ መጠጥ፣ 8ቱ አስፓርቴም በሚባለው ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ የተሠራ መጠጥ ለ12 ቀን ጠጡ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ከዚያ ከባድ የሂሳብ ጥያቄ እየሰጡ አስጨነቋቸው። (ሂሳብ! እኔስ ደሞዝ የምበላበት ጭንቀት ነው።) ስኳር የጠጡት ምራቅ ውስጥ የተገኘው ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን አነስተኛ ነበር። አስፓርቴም የጠጡት ላይ ይህ አልታየም። አንጎላቸውም ኤምአርአይ በሚባለው የውስጥ ምስል ማንሻ ሲታይ፣ ጭንቀት ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚዳከመው ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍል ስኳር በጠጡት ላይ ይበልጥ ይሠራ ነበር።

19 ሰው ጥቂት ነው፣ ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ ይህን ይዞ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው ማለት አይቻልም። እኔ ግን ሳነበው የሱቁ በር ላይ የወረደው ትከሻዬ ታየኝ።

ኮርቲሶልን ብዙ ሰው እንደ መርዝ ያወራለታል። መርዝ አይደለም። ጠዋት ከእንቅልፋችን ስንነሳ ከፍ ይላል። ስንደነግጥ ከኩላሊት በላይ ያሉት ትንንሽ ዕጢዎች ከአንጎል ትእዛዝ ደርሷቸው ይለቁታል፣ እሱም ጉበትን ያለሽን ስኳር አውጪ ይላታል፤ ለመሮጥ፣ ለመታገል፣ ለማሰብ ጉልበት እንዲኖረን። ነገሩ ካለፈ በኋላ መውረድ አለበት። ተመራማሪዎቹ ያነሱት ስጋትም እዚህ ላይ ነው። ስኳር ያን ጭንቀት ቶሎ ካበረደልን፣ ሰውነታችን ሌላ መንገድ መፈለጉን ይተውና በተጨነቅን ቁጥር እሱኑ ይጠይቃል። እኔ መጠየቄን እንኳ አቁሜያለሁ፤ ቆርኪው ቀድሞ ይከፈታል።

እዚህ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ፈተና ሲደርስም ይኸው ነው። ተማሪው ጫቱን ይይዛል፣ ጫቱ መራራ ነውና ለስላሳው ይከተላል፣ ሌሊቱ ይነጋል። ስንቱን ጠርሙስ እንደጠጣ የሚቆጥር የለም። 330 ሚሊ ሊትር ኮካ 35 ግራም ገደማ ስኳር አለው፣ ወደ ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ25 እንዲያንስ ይመክራል፣ በቀን። እኔ ዛሬ በሁለት ጠርሙስ ብቻ 50ን አልፌያለሁ፣ የጠዋቱን ሻይ ሳልቆጥር።

እውነቱን ለመጻፍ ግን ቁጥሩ አይደለም እንቅልፍ የነሳኝ። እናቴ ናት።

አምና የአጎቴ መርዶ ሂርማታ ሰፈር ያለው ቤታችን ሲመጣ እኔም ነበርኩ። እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፣ ዝም ብላ ከንፈሯ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ እንደልማዷ ወደ ጓዳ ሮጣ ብርጭቆ ይዛ መጣች። ማንኪያው ብርጭቆውን ሲመታ ድምፁ ቤቱን ሞላው። ወንድሜ ከበሩ ሆኖ ጮኸ፦ "እትዬ፣ ተዪው! ስኳር አለባት!"

እትዬ ባለችበት ቀረች። ብርጭቆው እጇ ላይ ነው፣ ያልሟሟው ስኳር ሥሩ ላይ እየዞረ። ለድንጋጤው መድኃኒትም ለበሽታው መጠሪያም ቋንቋችን አንድ ቃል ነው ያለው። ያን ጊዜ ሁለቱ አንድ ላይ መጡብን። እትዬ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ከእናቴ ኋላ ተቀምጣ ደረቷ ላይ አስደገፈቻት። ከጀርባዋ አቅፋ፣ "አይዞሽ እህቴ፣ አይዞሽ" እያለች፣ ምናልባት ግማሽ ሰዓት። እናቴ በመጨረሻ አለቀሰች፣ ከዚያ ባዶ ውሃ ስጡኝ አለች።

በማግስቱ ጠዋት ስንለካት ስኳሯ ከወትሮው በጣም ከፍ ብሎ ነበር። እህል አልቀመሰችም፣ ጣፋጭ አልነካችም። እኔ መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ ሁለቴ ለካሁ። ዛሬ ይገባኛል። ድንጋጤው ራሱ ነው ከውስጥ ያወጣው፣ የሷ ሰውነት ደግሞ የወጣውን መልሶ ማስገባት ይቸግረዋል። ንዴት ስኳር ያስነሳል እያሉ የሚያስጠነቅቁን ሰዎች ልክ ናቸው።

እኔ የሷ ልጅ ነኝ። ይህ በሽታ በዘር እንደሚሄድ አውቃለሁ። ዕድሜዬም እየገፋ ነው።

እተወዋለሁ ብዬ አልጽፍም፤ በበጀት መዝጊያ ሳምንት እንዲህ ያለ ቃል መግባት ራስን መሸንገል ይመስለኛል። ነገ ግን ባለሱቋን ገና ከመንገዱ ማዶ ሆኜ፣ "እስክጠይቅሽ አትክፈቺው" እላታለሁ።

ልዩነቱ 412 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። እስካሁን አልተገኘም።