አንዷ ጩኸት ፈላጊ፣ ሌላዋ ጆሮዋን ያዥ

አንዷ እህት ሶፋው ላይ እየዘለለች ታንጎራጉራለች። ሌላዋ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ትጮኻለች። ጩኸቱ ለዘላዪዋ ደስ የሚል ድምፅ ስለሆነ ይበልጥ ትዘላለች፤ ዝላዩ ሲብስ ጩኸቱም ይብሳል። ከወጥ ቤት ሆኖ የሚሰማ ወላጅ "ተጣሉ" ብሎ ይሮጣል። ነገሩ ግን ጠብ አይደለም። አንደኛዋ ራሷን የምታረጋጋበት ነገር ለሌላኛዋ አደጋ ሆኖ ይሰማታል። የስሜት ህዋሳት ችግር ያለባቸውን ሁለት ሴት ልጆች በአንድ ቤት ማሳደግ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የሚነገረን ምክር አብዛኛው ስለ አንድ ልጅ ነው፤ አጠገቧ ሌላ ልጅ እንዳለች አያስብም።

ስንማር የስሜት ህዋሳት አምስት ናቸው ተብለናል። ለዚህ ጉዳይ ይበልጥ የሚያስፈልጉት ግን ያልተነገሩን ሦስቱ ናቸው፦ ከውስጠኛው ጆሮ የሚመጣው የሚዛንና የእንቅስቃሴ ስሜት፣ እጅ እግራችን የት እንዳለ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚነግረን ስሜት፣ እንዲሁም ረሃብን፣ ጥማትንና ሽንትን የሚያሳውቀው የውስጥ አካል ስሜት። አእምሮ ከእነዚህ የሚመጣውን መልእክት ሲያጎላው ልጅቷ ትሸሻለች። ሲያደበዝዘው ደግሞ ወይ አጥብቃ ትፈልገዋለች፣ ወይ ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም ትላለች። አንዲት ልጅ ሁለቱንም ልትሆን ትችላለች፦ ስሟ ሦስት ጊዜ ሲጠራ አትሰማም፣ የፍሪጅ ሞተር ሲነሳ ግን ትደነግጣለች። ስለዚህ "ሸሺ" እና "ፈላጊ" የሚሉትን ቃላት ለልጅቷ ስም አድርገን ሳይሆን ለእያንዳንዱ ስሜት ለየብቻ ብንጠቀምባቸው ይሻላል።

ስለ ምርመራው አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ምርመራ መመሪያ፣ በዲኤስኤም-5፣ ይህ ችግር ራሱን የቻለ በሽታ ሆኖ አልተመዘገበም። ለድምፅ፣ ለንክኪና ለመሳሰሉት የሚታየው የበዛ ወይም ያነሰ ምላሽ ግን ከኦቲዝም መለያዎች አንዱ ሆኖ ገብቷል። እንግዲህ አንድ ባለሙያ "የስሜት ህዋሳት ችግር ነው" ብሎ ብቻ ከሸኛችሁ፣ ኦቲዝም፣ የትኩረት ማነስ ወይም ጭንቀት አብሮ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በሴት ልጆች ላይ ይህ ጥያቄ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹ ቀኑን ሙሉ ሌሎችን እየመሰሉ ውለው ቤት ሲገቡ ይፈነዳሉ። መምህሯ "እዚህ ምንም የለባትም" ስትል አልዋሸችም፣ እናትም አላጋነነችም።

ምንም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ለሁለት ሳምንት ማስታወሻ ያዙ። ለእያንዳንዷ ልጅ የየራሷ ገጽ ይኑራት፤ ሰዓቱ፣ ከዚያ በፊት የነበረው ነገር፣ ያደረገችው፣ ያበቃው በምን እንደሆነ። ከጎኑ እንቅልፍና ሰገራ ይጻፍ። ሰገራ የተባለው ለቀልድ አይደለም፤ የሆድ ድርቀት፣ የጆሮ ሕመምና የተበላሸ ጥርስ "ጠባይዋ ተቀየረ" እየተባለ ለወራት ሊያልፉ ይችላሉ፣ በተለይ የውስጥ አካል ስሜቷ ደካማ በሆነች ልጅ ላይ። የመስማትና የማየት ምርመራም ይቅደም። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው የአንዷ ችግር የሚጀምረው ሌላዋ በተረጋጋችበት ሰዓት መሆኑን ታዩ ይሆናል። ሥራው ከዚያ ይጀምራል።

መፍትሔው በአብዛኛው ሰዓት ማፈራረቅ ነው። ፈላጊዋ ከእህቷ ጋር ከመቀመጧ በፊት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጡንቻን የሚያሠራ ሥራ ትሥራ፦ ልብስ የሞላበትን ቅርጫት ወለል ላይ እየገፋች ከክፍል ክፍል መውሰድ፣ ግድግዳን በሁለት እጅ 10 ጊዜ መግፋት፣ ትራስ ክምር ላይ መውደቅ፣ በእጅና በእግር እንደ ድብ መሄድ። መግፋት፣ መሳብና መሸከም አብዛኛውን ጊዜ ያረጋጋል። መሽከርከር ግን ሌላ ነው። ለደቂቃ የተሽከረከረች ልጅ ውጤቱ ቆይቶ ሊመጣባት ይችላል፤ ፊቷ ከገረጣ፣ ካላባት፣ ካቅለሸለሻት ወይም ሳቋ ከቁጥጥር ከወጣ ወዲያው ይቁም። ዥዋዥዌም ቢሆን ወደፊትና ወደኋላ በቀስታ የሚሄደው ያረጋጋል፣ የሚሽከረከረው ያነቃቃል። ከመኝታ በፊት ልጅን ዙሪያውን ማሽከርከር ብዙ ቤት የሚፈጸም ስሕተት ነው።

ይህ ሲሆን ሸሺዋ የት ናት? በር በሚዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ወይም ቢያንስ በብርድ ልብስ በተጋረደ ጥግ። የጥጉ ሕግ ጥቂት ነው፦ አንድ ሰው ብቻ ይገባበታል፣ ማንም ጎትቶ አያወጣትም፣ ለቅጣትም አይላኩበትም። አንድ ጊዜ ለቅጣት ከዋለ አለቀለት፤ ልጅቷ ስትጨነቅ መሸሸጊያዋ መሆኑ ይቀራል። ቦታ ካለ ሁለት ጥግ ይሁን፤ አንድ ጥግ ለሁለት እህትማማቾች ራሱ አዲስ የጠብ ምክንያት ነው። ማዕድ ላይ ሸሺዋን ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ እንድትቀመጥ ማድረግ ብቻውን ብዙ ያቀላል፤ ከኋላ ማን ይነካኝ ይሆን ብላ መጠበቋን ትተዋለች።

የጆሮ መሸፈኛ ይጠቅማል፤ ለርችት፣ ለሠርግ፣ ለቫኪዩም ማጽጃ። ቀኑን ሙሉ ከተደረገ ግን ጆሮ ጸጥታውን ይለምድና ተራው ድምፅም ይጎላባታል። ስለዚህ የሚወልቅበት ሰዓት ይኑረው፣ ቤት ጸጥ ሲል ይውለቅ። ክብደት ያለው ብርድ ልብስም ብዙ ይወራለታል። በ2014 እ.ኤ.አ. ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ በታተመ ጥናት እንቅልፋቸውን አላሻሻለም፤ ልጆቹና ወላጆቹ ግን ከተራው ብርድ ልብስ ይልቅ ወደውታል። እኛ የምንለው፦ ከወደደችው ትጠቀም፣ ተአምር አይጠበቅ። በተለምዶ የሚባለው ክብደት ከሰውነቷ ክብደት 10 በመቶ ገደማ ነው፤ 20 ኪሎ ለምትመዝን ልጅ 2 ኪሎ። ራሷ ገፍፋ መጣል የማትችል ልጅ ፈጽሞ አትልበሰው፣ ለሕፃንም አይሆንም፣ ፊትም አይሸፈንበትም። ፈላጊዋ እህት ለደግነት ብላ ሸሺዋ ላይ ልትደርበው ትችላለች፤ ይህን አስቀድሞ መከልከል ነው።

ንክኪ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጣም በስሱ በመንካት ነው። ስስ ንክኪ ያሳክካል፣ ያስደነግጣል፤ ጠበቅ ያለና ቦታውን የማይለቅ እጅ ይሻላል። ፀጉር ስታበጥሩ አንድ እጅ ሥሩን ጥብቅ አድርጎ ይዞ፣ ማበጠሪያው ከጫፍ ተነሥቶ ወደ ላይ ይውጣ፤ እስከ 10 እየቆጠራችሁ፣ 10 ላይ ሲደረስ በእውነት እያቆማችሁ። "አንድ ብቻ ቀረ" ብሎ መቀጠል የተገነባውን ሁሉ ያፈርሳል። ጥፍር ከመታጠብ በኋላ ይለሰልሳል፣ ያኔ ይቆረጥ። ካልሲ ስፌቱ ወደ ውጭ ተገልብጦ ይደረግ፤ የልብስ ሌብል ሲቆረጥ ጫፉ ከቀረ ከሌብሉ ራሱ የባሰ ይወጋልና በስፌት መፍቻ ሥሩ ይፈታ። የተመቻት ልብስ ሲገኝ በሚቀጥለው ቁጥርም ደግማችሁ ግዙ። ለጥርስ ሳሙና ችግሩ ብዙ ጊዜ የናና (ሚንት) ጣዕሙና አረፋው ነው፤ ጣዕም የሌለው፣ አረፋ የማይበዛበት ይፈለግ። መጠኑ ከ3 ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከ3 እስከ 6 የአተር ፍሬ ያህል ነው።

ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ጥያቄ የለም። "ዛሬ እንዴት ነበር?" እንኳን ይቆይ። የሚቆረጠም ወይም የሚታኘክ ነገር፣ በወፍራም ስትሮ የሚጠጣ መጠጥ፣ ለየብቻ ቦታ። ከሁሉ የሚያስቸግረው ሁለቱ በአንድ በር መግባታቸው ነው፤ አንዷን 5 ደቂቃ አስቀድሞ ማስገባት ከተቻለ ልዩነቱ ይታያል።

አንዷ ከቁጥጥር ውጭ ስትሆን ደመ ነፍስ ወደ እሷ ያስሮጣል። መጀመሪያ መነሣት ያለባት ግን የተረጋጋችው ናት፤ የምትጮኸዋን መጎተት ያባብሳል፣ ሌላዋ ግን በእግሯ መሄድ ትችላለች። ለዚህ አስቀድሞ የተለማመዱት አንድ ቃል ይኑር፤ ቃሉ ሲባል ተነሥታ ወደምታውቀው ቦታ ትሄዳለች። ከዚያ መብራት ይቀነስ፣ ስለት ያለውና የሚሰበር ይነሣ፣ ወላጅ ዝቅ ብሎ ከጎኗ ይቀመጥ፣ ንግግር ከሁለት ሦስት ቃል አይብለጥ። ማስረዳትና መምከር በዚያ ሰዓት ሌላ ጩኸት ነው። ጩኸቷ የፈለገችውን ስታገኝ ወዲያው የሚያበቃ ከሆነ ተራ እልህ ነው፤ ይህኛው ግን የጠየቀችው ቢሰጣትም ወዲያው አይቆምም።

ትልቋን የታናሿ ጠባቂ ማድረግ ቀላል ነው፣ በተለይ ትልቋ አስተዋይ ስትሆን። ግን እሷም ችግሩ አለባት። እህቷን እንድታጽናና አትላክ፤ በቀን 15 ደቂቃ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻዋን ትሁን፣ ታናሿም እንዲሁ። "ለምን እሷ ብቻ?" ለሚለው ጥያቄ "የሚያስፈልጋት ስለሆነ፤ አንቺ የሚያስፈልግሽም ይኸው" ማለት ይበቃል።

ጉርምስናን ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። የወር አበባ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጡት ማጎጥጎጥ ከጀመረ ከ2 እስከ 2 ዓመት ተኩል ቆይቶ ስለሆነ ለመለማመድ ጊዜ አለ። ሞዴስ መጀመሪያ በእጅ ትንካው፣ ቀጥሎ በልብስ ላይ ለ5 ደቂቃ፣ ከዚያ ለአንድ ሰዓት፣ በኋላም በውኃ ረጥቦ። የሚንኮሻኮሽ ፕላስቲክ ከረበሻት ከላይ ጨርቅ የሆነውን ወይም ለወር አበባ የሚሠራውን የውስጥ ሱሪ ትሞክር። የውስጥ አካል ስሜቷ ደካማ የሆነችው መሙላቱ አይታወቃትምና "ሲሞላ ቀይሪ" አይበቃትም፤ በየ3 ሰዓቱ የሚንቀጠቀጥ የእጅ ሰዓት ይደረግላት። የሚጮኸው እህቷን ያስደነግጣል።