ነይልኝ

ትንሹ ዛሬም ጫማውን ጭቃ በጭቃ አድርጎ መጣ። ደጃፍ ላይ ተቀምጬ በቢላ ጀርባ ስፍቅ፣ አምና ቪንዶላንዳ፣ በጥንቱ የሮማውያን ምሽግ፣ ያየኋት የልጅ ጫማ ድቅን አለችብኝ። መዳፍ የማትሞላ፣ ሶሏ የተበላ። ያ ልጅ ሮጧል፤ እናቱም እንደ እኔ «ቀስ!» ብላዋለች።

ሮማውያን ቪንዶላንዳን እዚህ ሰሜን እንግሊዝ፣ ጠረፍ ላይ፣ በእንጨት የገነቡት እ.ኤ.አ. በ85 ገደማ ነው። የሃድሪያን ግንብ፣ ያ ረጅሙ የሮማውያን የጠረፍ ግንብ፣ የተጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በ122 ነው። እርጥቡ አፈር አየር ስለማያስገባ ቆዳውም እንጨቱም ሳይበሰብስ ቆየ። ከ5,000 በላይ ጫማ ወጥቷል፤ የሴቱም የሕፃኑም አለበት። እኔ ምሽግ ሲባል ወንድና ጦር ብቻ ነበር የሚታየኝ።

እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ሮቢን በርሊ በቀለም የተጻፈባቸው ስስ የእንጨት ገጾች አገኘ። አንዱ ደብዳቤ ካልሲ፣ ሁለት ጥንድ ነጠላ ጫማና ሁለት የውስጥ ሱሪ ልኬልሃለሁ ይላል። ይህን ሳነብ የእናቴ ጥቅል ትዝ ብሎኝ አልቅሻለሁ።

ከሁሉ ግን ሆዴን የምታባባው የሌላ ምሽግ አዛዥ ሚስት፣ ክላውዲያ ሰቬራ ናት። እ.ኤ.አ. በ100 አካባቢ፣ ቪንዶላንዳ ለነበረው የባታቪያውያን ጦር (ከዛሬዋ ሆላንድ አካባቢ የመጡ የሮማ ወታደሮች) አዛዥ ሚስት ለሱልፒቺያ ሌፒዲና ጻፈች፦ ሴፕቴምበር 11 ልደቴ ነው፣ ነይልኝ፣ አንቺ ካለሽ ቀኑ ይደምቅልኛል። ትንሹ ልጄም ለባልሽ ሰላም ይላል። ይህን የጻፈላት ጸሐፊ ነው፤ ፊደሉ ያማረ ነው። ታች ላይ ግን ብዕሩን ራሷ ይዛ፣ እጇ እንዳልለመደ በሚያስታውቅ ጽሕፈት፣ «እህቴ፣ እጠብቅሻለሁ። ደህና ሁኚ፣ እህቴ፣ ውድ ነፍሴ» ብላ ጨመረች። ጸሐፊው ሁሉን ጨርሶላት ሳለ እሷ አልበቃትም። እኔም ብሆን አይበቃኝም።

ሴፕቴምበር 11 በአሁኑ ዘመን አብዛኛውን ጊዜ የእኛ እንቁጣጣሽ የሚውልበት ቀን ነው። እንዲያው መገጣጠም ነው፣ አውቃለሁ። ግን ታላቅ እህቴ ትናንት በድምፅ መልእክት «ለእንቁጣጣሽ ትመጫለሽ ወይ? ቁርጡን ንገሪኝ» ብላኛለች። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ዝቅ ይላል።

ሌፒዲናስ፣ ያን ጭቃ መንገድ አቋርጣ ሄዳላት ይሆን?