ለአንገት ልብስ ያማረው ጠርዝ ሹራቡን አኮማተረው

በአንድ አነስተኛ የእጅ ሹራብ መሥሪያ ክፍል ግድግዳ ላይ አንዲት ወረቀት ተለጥፋ ነበር፦ «የረድፉን የመጀመሪያ ዓይን ሳትሠሩ አሳልፉ።» ዓይን የሚባለው በመርፌው ላይ ያለ አንድ የክር ቀለበት ነው። ወረቀቷ የተለጠፈችው የአንገት ልብስ ሲሠራ ነው፤ ለዚያም ትክክል ነበረች። የዳር ዓይን በአንድ ወገን የሚይዛት ጎረቤት የላትም። ሥራው በተገለበጠ ቁጥርም ትሳባለች፣ ስለዚህ ትላላለች። የመጀመሪያዋ ዓይን ክሩ ከፊት ሆኖ፣ ሳትጣመም ወደ ቀኝ መርፌ ስታልፍ ግን ሁለት ረድፍ በአንድ ረጅም ዓይን ይያዛል፤ ዳሩም እንደ ሰንሰለት ይሰለፋል። ካሳለፉ በኋላ ክሩ በሁለቱ መርፌዎች መካከል ወደ ኋላ ይመለሳል። በመርፌው ላይ ተሻግሮ ከሄደ ትርፍ ዓይን ይፈጠራል፤ በ40 ዓይን የተጀመረ የአንገት ልብስ ሳይታወቅ 46 የሚደርሰው በዚህ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ትዕዛዝ ከፊት የሚከፈት፣ ባለ ቁልፍ የልጆች ሹራብ ነበር። ሠራተኞቹ በለመዱት መንገድ ቀጠሉ፤ የፊቱ ግራና ቀኝም 96 ረድፍ ሆኖ አለቀ። ጠርዙ ሲያዩት ያማረ ነበር። ችግሩ የታየው የቁልፉን ላስቲክ፣ ማለትም ቁልፉ የሚያርፍበትን ጠባብ የሹራብ ጠርዝ፣ ለመሥራት ከዳሩ ላይ ዓይን ሲነሣ (በመርፌ ክር እየተሳበ አዲስ ዓይን ሲወጣ) ነው። አንዷ ከእያንዳንዱ የሰንሰለት ዓይን አንድ አንሥታ 48 አገኘች፤ ላስቲኩ አልቆ ዓይኖቹ ሲዘጉ የሹራቡ ፊት ተሰብስቦ ወደ ላይ ወጣ። ሌላዋ ረጃጅሞቹን ዓይኖች እየከፈለች 72 አወጣች፤ ላስቲኩ አልተኮማተረም፣ በመጋጠሚያው ላይ ግን ቀዳዳ ተደረደረ።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ክሩ ነበር። ከዚያ በ4 ሚሊሜትር መርፌ ፋንታ 4.5 ተሞከረ፤ ላስቲኩ ላላ እንጂ ሹራቡ አልተስተካከለም። «በካውያ ይተኮስ» የሚልም አልጠፋ። አክሪሊክ ክር ላይ ጋለ ካውያ ካረፈበት ክሩ ይሞታል፣ ማለትም ልስልስ ብሎ መሳሳቡን ያጣል፤ ዳግም አይመለስም፣ ደግነቱ አልተሞከረም።

የሥራው ኃላፊ ረድፎቹን ስትቆጥር ነገሩ ተገለጠ። በተለመደው ሜዳ ሥራ (ፊቱ ለስላሳ፣ ጀርባው ጎርባጣ በሆነው) አንድ ዓይን ከቁመቷ ስፋቷ ስለሚበልጥ፣ ላስቲክ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ለ4 ረድፍ 3 ዓይን ይበቃል። ለ96 ረድፍ 72 ማለት ነው። ሰንሰለቱ ግን ከሁለት ረድፍ አንድ ብቻ ስለሚሰጥ ከ48 በላይ የለውም።

ያለቁት ሹራቦች አልተፈቱም፤ ላስቲኩ ብቻ ተፈታ። ከየሁለቱ የሰንሰለት ዓይን ሦስት ተነሣ፦ አንዱ ከመጀመሪያው፣ አንዱ በሁለቱ መካከል ካለው ክር፣ አንዱ ከሁለተኛው። የመካከሉ ክር ሲሠራ መርፌው ከኋላ ይገባል፤ ክሩ ስለሚጣመም ቀዳዳው ይዘጋል። ከመጀመሪያው የተሻለ ቢሆንም፣ አስተውሎ የሚያይ ሰው ልዩነቱን ያገኘዋል።

ገና ላልተጀመሩት ግን የዳር ዓይን በየረድፉ እንድትሠራ ተደረገ፤ ረድፉን በጨረሱ ቁጥርም ሥራው ሲገለበጥ፣ ሁለተኛዋ ዓይን ከተሠራች በኋላ ክሩ ጠበቅ ይደረጋል። ከመጀመሪያዋ ላይ መሳብ ብዙም አይረዳም፣ ልልነቱ ያለው ከሁለቱ መካከል ነውና። ለእጅጌ የሚቀነሰው ዓይንም ከዳሩ አንድ ዓይን ገባ ብሎ እንጂ ዳሩ ላይ አይቀነስም፤ ዳሩ ላይ ከተቀነሰ ስፌቱ ደረጃ ይሠራል።

ጎኑ ለሚሰፋ ክፍል ደግሞ የዳር ዓይኗ ወደ ውስጥ ስለምትገባ፣ በስሌቱ 60 የሚለው በ62 ይጀመራል። አዲስ የክር ጥቅልም ዳሩ ላይ ይቀየራል፤ 15 ሴንቲሜትር ያህል ጭራ ከተተወ በስፌቱ ውስጥ ይደበቃል። ለአንገት ልብስ ይህም የተገላቢጦሽ ነው፦ ዳሩ ስለሚታይ ክሩ የሚቀየረው መሃል ላይ ነው።