ኬትሉ ለምን አልጠፋ አለ? የሦስተኛ ሳምንት ማስታወሻ

የተበላሸ የቤት ዕቃ እየፈታሁ መማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ካውያው አልፏል፤ አሁን ተረኛው ኬትል ነው። ሕመሙ ቀላል ይመስላል። ውሃው ይፈላል፣ ይንተከተካል፣ ግን ራሱን አያጠፋም። ካልደረስኩለት እስኪደርቅ ድረስ ይቀጥላል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኢለመንቱን፣ ማለትም ውሃውን የሚያሞቀውን ክፍል ነበር፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ ቴስተር ይዤ ነበርና መለካት አማረኝ። ከሶኬት ነቅዬ ሬዚስታንሱን (ኤሌክትሪክን የመቋቋም አቅሙን) ለካሁት፤ 24.6 ኦም። በ220 ቮልት 2,000 ዋት የሚስብ ኬትል 24 ኦም ገደማ ማሳየት ስላለበት ኢለመንቱ ጤነኛ ነው። ደግሞም ውሃ እያፈላ ያለ ኢለመንት ምን ሊሆን? ትንሽ ባስብ ኖሮ ይህን ቴስተር ሳልነካ እደርስበት ነበር።

ሁለተኛው ግምቴ ይብሳል። ውስጡ የውሃውን ሙቀት የሚለካ ነገር አለ፣ 100 ዲግሪ ሲደርስ ይቆርጣል ብዬ አምን ነበር። ስፈታው ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። ማጥፊያው እጀታው ውስጥ ነው የተቀመጠው፤ ውሃው አጠገብ አይደርስም። ታዲያ መፍላቱን በምን ያውቃል?

በእንፋሎቱ! ክዳኑ አካባቢ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ውሃው ሲፈላ እንፋሎቱ በእሷ ገብቶ በእጀታው ውስጥ ወደ ማጥፊያው ይወርዳል። እዚያ ከሳንቲም የማትበልጥ ስስ ብረት ትጠብቀዋለች፤ ባይሜታል ይሏታል። የተሠራችው ከሁለት ዓይነት ብረት ነው፣ ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው። ሲሞቁ አንደኛው ከሌላኛው አብልጦ ይለጠጣል፤ ስለዚህ ትጎብጣለች፣ ከዚያ ድንገት ወደ ሌላኛው ጎን ትገለበጣለች። ያ "ቀጭ" የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከእሷ ነው። በፒንሳ ይዤ ፍል ውሃ በማንኪያ ጠብ ሳደርግባት ዘላ አመለጠችኝና ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ ስፈልጋት ቆየሁ።

ይህን ካየሁ በኋላ ሌላም ነገር ተገለጠልኝ። ክዳኑ ክፍት ከሆነ ኬትል የማይጠፋው እንፋሎቱ ሁሉ ወደ ላይ ስለሚያመልጥ ነው። ደግሞ በከፍታ ቦታ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ኬትል 100 ዲግሪን የሚጠብቅ ቢሆን ኖሮ ተራራ ላይ ፈጽሞ አይጠፋም ነበር። እንፋሎት ግን የትም እንፋሎት ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ራስል ሆብስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ራሱን የሚያጠፋ ኬትል ሲያወጣም ዘዴው ይኸው ነበር። ባትሪ የለ፣ ቺፕ የለ።

የእኔው ኬትል ጥፋት የተገኘው እዚያችው ቀዳዳ ላይ ነው። ነጭ ቅርፊት ደፍኗታል፤ ውሃ ሲሞቅ የሚጥለው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። በስንጥር ቆፈርኩት፣ አልሆነም። አቼቶ በጥጥ ነክሬ ስለጥፍበት አረፋ እያወጣ ለቀቀ። ኬትሉ ውስጥ ደግሞ አቼቶ በውሃ በጥብጬ አፈላሁ። ሽታው ግን፣ ኧረ አይነሳ! ሦስት ጊዜ ባጥበውም አልለቀቀም ነበር።

ገጣጥሜ ሞከርኩት። 1 ሊትር ውሃ ከ20 እስከ 100 ዲግሪ ለማድረስ 335 ኪሎጁል ያህል ይፈልጋል፤ በ2,000 ዋት ስናካፍለው 2 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ይመጣል። የእኔው 3 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ወሰደበት። ቀሪው ዕቃውን ራሱንና አካባቢውን ያሞቀ ነው። መሃል ላይ የሚጮኸው ጩኸትም አሁን ገብቶኛል። ከሥር የሚነሱት አረፋዎች ገና ያልሞቀው ውሃ ውስጥ ሲገቡ ይሰባበራሉ፤ ድምፁ የእነሱ ነው። ሁሉም ውሃ ሲፈላ ሳይሰባበሩ ላይ ስለሚደርሱ ይረጋጋል። ከዚያ 11 ሰከንድ ቆጠርኩ፤ ቀጭ!

የቀረኝ ከሥር ያለችው ሁለተኛዋ ባይሜታል ናት፤ ኬትሉ ባዶውን ሲበራ መስመር የምትቆርጠው። ባዶውን ሰክቼ ልሞክራት ፈልጌ ነበር፤ ቤት ውስጥ ግን ፈቃድ አላገኘሁም።