ጨጓራዬና የላይኛዋ አልጋ

ዶርማችን ውስጥ አራት ነን፤ አራታችንም ጨጓራ አለብን። ፈተና ሲቃረብ የአንዷ ሲነሳ የሌሎቻችንም ይከተላል። ያኔ እንግዲህ በየተራ ተልባ መበጥበጥ ነው።

ከእኔ በላይ የምትተኛው ልጅ ግን ሌላ መድኃኒት አላት። "ክፉ ክፉውን ስለምታስቢ እኮ ነው! በጎ በጎውን አስቢ፣ ይለቅሻል።" እኔ ሆዴን ይዤ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ። ስታትስቲክስ ስለምማር ነው መሰል፣ እንዲህ ሲሉኝ "ስንት ሰው ላይ ታየ?" ማለት ይቀናኛል።

ፈልጌ ካነበብኩት ሁሉ ከአእምሮዬ ያልወጡት የጥርስ ሕክምና ተማሪዎቹ ናቸው። አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ተመራማሪዎች የ11 ተማሪዎችን ላንቃ 3.5 ሚሊ ሜትር ያህል አቆሰሉ፤ አንዴ በክረምት ዕረፍት፣ አንዴ ፈተና 3 ቀን ሲቀረው። (ለሳይንስ ተብሎ ላንቃ መስጠት! እኔ ለደም ምርመራ ጣቴን ስሰጥ እንኳ ዓይኔን እጨፍናለሁ።) እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመው ጥናት መሠረት የፈተና ሰሞኑ ቁስል ለመዳን በአማካይ 40 በመቶ የበለጠ ጊዜ ወስዷል። 11 ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ከ11ዱ አንዱም እንኳ በፈተና ሰሞን እንደ ዕረፍቱ ፈጥኖ አልዳነም። እዚህ ላይ አፌን ያዝኩ።

ጭንቀት ሥጋ ድረስ እንደሚዘልቅ አመንኩ። በጎ ማሰብ ጨጓራ ያድናል የሚለውን ግን አልተቀበልኩም። ክሊኒክ ሄጄ ስመረመር ኤች ፓይሎሪ ተገኘብኝ፤ ባክቴሪያ ነው፣ በጎ አሰብሽ ክፉ አሰብሽ ግድ የለውም። ለ14 ቀን የሚዋጥ ሦስት ዓይነት ኪኒን ታዘዘልኝ።

በአምስተኛው ቀን አፌ ብረት ብረት አለኝ። ልተወው ነው አልኩ። የላይኛዋ ወርዳ "ዘጠኝ ቀን እኮ ነው የቀረሽ፣ ትድኛለሽ" ብላ ውኃ ሰጠችኝ። በነጋታውም ቀሰቀሰችኝ። አመሻሽ ላይ ደግሞ ከ4 ኪሎ አስነስታ፣ ድንቅነሽ ያለችበትን ብሔራዊ ሙዚየም አሳልፋ፣ እስከ 6 ኪሎ ሰማዕታት ሐውልት በእግር ታስኬደኝ ነበር። ብቻዬን ብሆን "ይኼም አይሠራም" ብዬ ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ እረሳው ነበር። እንደምድን እርግጠኛ የነበረችው እሷ ናት፤ የዋጥኩት እኔ።

ከወር በኋላ ድጋሚ ተመረመርኩ፤ የለም።

ትናንት ሌሊት የሷ ተነሳ። ተልባ እየበጠበጥኩላት "መቼ ነው የምትመረመሪው?" አልኳት።

"ይለቀኛል፤ በጎ በጎውን እያሰብኩ ነው።"

ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከዚያ አልጋ አወርዳታለሁ።